ስሜን ወደ ስሜ

ሀብተጊዮርጊስ ወልደየስ በፍልሰታ ዓሣ ሲያጠምድ ተያዘ ተብሎ ሲወራ፣ ግማሹ ሰው የተያዘው ጾም በመግደፉ መስሎት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ፣ ቼሪ ክሪክ ሐይቅ ዳር የሆነው ነገር እሑድ ቅዳሴ ሳያልቅ ሞንትቤሎ ሰፈር ገባ። ሰኞ ሌክውድ ሲደርስ ሰውየው በካቴና ታስሯል፣ ዓሣዎቹም ለኤግዚቢትነት ተይዘዋል።

ካቴና የሚባል ነገር አልነበረም። የነበረው ጢሙ ቀላ ያለ ወጣት ሬንጀር፣ የፓርኩ ጠባቂ ነው። የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድህን አሳየኝ አለው። ሀብተጊዮርጊስ ኪሱ ሲገባ ወረቀቱ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ዞሮ ዞሮ የደረቀ ኳስ ሆኗል። ባለቤቱ የምሥራች ሱሪ ስታጥብ ኪስ አትፈትሽም፤ የባሏን ኪስ የምትፈትሽ ሴት የምትፈልገው ሌላ ነው ትላለች።

ሬንጀሩ አልተቆጣም። ወረቀት ይዞ መዞር ቀርቷል፣ የዓሣ ፈቃድህን ከመንጃ ፈቃድህ ጋር ሊንክ አድርገው፣ ሁለቱም ስልክህ ላይ ይቀመጣሉ፣ ና እዚሁ ላሳይህ አለው። ሀብተጊዮርጊስም ደስ ብሎት መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ሰጠ። ሬንጀሩ በመንጃ ፈቃዱ ስም ቢፈልግ እንዲህ የሚባል አጥማጅ የለም። ሀብተጊዮርጊስ ስሙን ፊደል በፊደል ቢነግረው ፈቃዱ ወጣ፤ የወጣው ግን የሌላ ሰው ሆኖ ነው። መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው ሰው ስሙ ሀብተ፣ የቤተሰብ ስሙ ጊዮርጊስ ነው። ዓሣ እንዲያጠምድ የተፈቀደለት ደግሞ ሀብተጊዮርጊስ ወልደየስ ነው።

ሬንጀሩ አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ሰውየውን አየና «የወንድምህ ፈቃድ ነው?» አለው። በትሕትና ነው የጠየቀው። ያቃጠለውም ያ ትሕትና ነው። ፈቃዱ የራስህ መሆኑን እስክታረጋግጥ እዚህ መንጠቆ እንዳትጥል ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፈለት፤ በባልዲ የነበረችውንም ዓሣ ወደ ውኃው መለሳት። ከጀርባቸው ሣሩ ላይ ምንጣፍ የዘረጉ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዝም ብለው ያዩ ነበር። ዝም ያሉት እስከ መኪናቸው ድረስ ነው።

ይህን ሰው ለሁለት የቆረጠው አሜሪካ ነው እንዳትሉ። መልከጼዴቅ ነው። መልከጼዴቅ የልጅነት ጓደኛው ሲሆን፣ ቀድሞት ዴንቨር ስለገባ ሀብተጊዮርጊስ የመጣ ሰሞን ፎርሙን ሁሉ የሞላለት እሱ ነበር። በዚያን ጊዜ ፎርም መሙላት የሚችል ሰው እንደ ጳጳስ ይከበራል። ወረቀቱ ለስም አንድ ሳጥን፣ ለቤተሰብ ስም ሌላ ሳጥን አለው። መልከጼዴቅ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ አሰበና፣ ያንተ ስም እኮ ብቻውን ሁለት ነው፣ አባትህን ምን አደከማቸው ብሎ ሀብተን በአንዱ፣ ጊዮርጊስን በሌላው ሳጥን ከተተ። ፓስፖርቱም ላይ በእንግሊዝኛው ስሙ ተነጣጥሎ ስለተጻፈ ማንም አልጠየቀ። አቶ ወልደየስ ደጅ ቀሩ።

ከዚያ ወዲያ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱም፣ መንጃ ፈቃዱም፣ ዜግነቱም በዚያው ተከታትሎ ሄደ። ልጁ ፋና ጊዮርጊስ ተብላ ተወለደች። የአየር ማረፊያ ፓርኪንግ ሻትል አውቶቡስ ሲነዳ አለቃው ሚስተር ጊዮርጊስ ይለዋል። ቤተ ክርስቲያን ያሉት ቀልደኞች ደግሞ ሚያዝያ ሃያ ሦስት በመጣ ቁጥር እንኳን ለአባትህ በዓል አደረሰህ እያሉ እጁን ይጨብጡታል።

ይህን ሁሉ ሲችል የኖረው በአንድ ነገር ነው። ሰውየው አዲስ አበባ ሳለ ዓሣ የሚያውቀው በቆርቆሮ ነበር። ኦሮራ መጥቶ ማጥመድ ሲለምድ ፈቃዱን ያለ መልከጼዴቅ፣ ራሱ ስልኩ ላይ እየጻፈ አወጣ። ስሙን አልቆረጠም። አባቱንም አስገባ። በዚህ አገር ካሉት ወረቀቶች ሁሉ እሱን በስሙ የሚያውቀው ያ የዓሣ ወረቀት ብቻ ነበር፤ በሰው ፊት ሌባ ያስመሰለውም ያው ወረቀት ሆነ።

ሰኞ ጠዋት የዓሣ ፈቃድ ለሚሰጠው ቢሮ ደወለ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ ነገሩ ቀላል ነው አለችው። የዓሣውን ፈቃድ ሀብተ ጊዮርጊስ ብዬ ላስተካክለው፣ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ይገጥማል፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እምቢ አለ። መንጃ ፈቃዱን ወደ ዓሣው አምጪልኝ አላት። ልጅቷም፣ ያ እንኳ በፍርድ ቤት ነው፣ የስም ቅየራ ይባላል አለችው።

«ምኑን ከምኑ ነው የምቀይረው? ስሜን ወደ ስሜ?»

ልጅቷ ሌላ ልረዳህ የምችለው ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችው።

በዚያ ሳምንት ሻትሉ ላይ የወጣ መንገደኛ ሻንጣውን ራሱ ነበር የሚያወርደው ይባላል። ቤት ሲገባም ዕረፍት የለም። የምሥራች፣ ጾሙን አክብረህ ቤትህ ብትቀመጥ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር አለችው። ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለውን ክርክር ሊያነሣ ፈለገና ተወው። በአንድ ጊዜ ሁለት ክስ አይቻልም።

መልከጼዴቅ ወሬውን ሰምቶ እየሳቀ መጣ። ሶፋው ላይ ተንሰራፍቶ፣ ለአንዲት ዓሣ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው ገና አሁን አየሁ፣ ልጅቷን እሺ በላትና ይለቅህ፣ አንድ ደቂቃ ነው አለ።

«አንተ ስትቆርጠኝም አንድ ደቂቃ ነው የፈጀብህ» አለው ሀብተጊዮርጊስ።

«ደግሞ እናትህስ ሀብቴ እያሉ አይደል የሚጠሩህ የነበረው?»

«እናቴ አቆላምጣኝ ነው። መንግሥት ምኔ ሆኖ ነው የሚያቆላምጠኝ?»

የመልከጼዴቅ ሳቅ እዚያው ቆመ። ሀብተጊዮርጊስ ግን ገና መጀመሩ ነበር። የቀደድከውን ትሰፋለህ፣ ፍርድ ቤት በመኪናህ ታደርሰኛለህ፣ ለስም ቅየራው አሻራ ስሰጥ ደጅ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ በፊት በዚህ ቤት ውኃ እንኳ አትቀምስም አለው። የምሥራች ያቀረበችውን ብርጭቆ ከፊቱ አንሥታ ወሰደች።

ፍርድ ቤት ሄዱ። ማመልከቻው ስም የሚቀየርበትን ምክንያት ይጠይቃል። መልከጼዴቅ በልማዱ እስክሪብቶ ሊያነሣ ሲል ሀብተጊዮርጊስ ነጠቀው። ዓሣ ለማጥመድ ብለህ ጻፍ፣ ይኼ ለአሜሪካኖች ይገባቸዋል ብሎ መልከጼዴቅ ሹክ አለው። ሀብተጊዮርጊስ «ስሜ ስለሆነ» ብሎ ጻፈ። ዳኛዋ ፊት የሚናገረውን ደግሞ ሻትሉን እየነዳ በመስተዋቱ ሲለማመድ ከርሟል፦ ስለ አባቱ፣ ስለ ሬንጀሩ፣ የወንድምህ ነው ስለተባለው። ቀኑ ደርሶ ሲገባ ዳኛዋ ወረቀቱን አገላብጣ ፈረመችና መልካም ዕድል አለችው። ያ ሁሉ ንግግር አፉ ውስጥ ቀረ። ወጥቶ መኪና ውስጥ ሲገባ ከመጣበት ጊዜ የበለጠ ተናዶ ነበር።

በረዶው ሲለቅ አዲሱ መንጃ ፈቃድ በእጁ ነበር። የፈቃዶቹን አፕ ከፈተ፣ የዓሣውን ፈቃድ ሊንክ አደረገ፤ በአንድ ጊዜ ገጠመ። ሁለቱ ስልኩ ላይ እንደ ወንድማማች ተደራርበው ተቀመጡ። ችግሩ ስሙ ለስክሪኑ ረዘመ። ሀብተጊዮ ይልና ሦስት ነጥብ ያስከትላል፤ ሙሉው የሚታየው በጣት ሲነካ ነው።

ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ሄደ። መልከጼዴቅ ሾፌር ሆኖ አብሮት መጥቷል፤ ቆሞ ማየት ሲሰለቸው ሁለተኛውን የማጥመጃ ዘንግ አንሥቶ መንጠቆውን ወረወረ። ብዙም ሳይቆይ ያ ቀይ ጢም ብቅ አለ። ሀብተጊዮርጊስ ሳይጠየቅ ስልኩን ዘረጋለት። ሬንጀሩ ገረፍ አድርጎ አየና ይበቃል፣ አመሰግናለሁ ብሎ መልሶ አቀረበለት።

ሀብተጊዮርጊስ ስልኩን አልተቀበለም።

«ንካውና አንብበው።»

ሬንጀሩ፣ አይ አየሁት፣ ሁሉ ነገር ትክክል ነው አለ።

«የወንድሜ እንዳይሆን። አንብበው።»

ሬንጀሩ በጣቱ ነካው። ሀብተ ላይ ተነሣ፣ ጊዮርጊስ ላይ ተደናቀፈ፣ ወልደየስ ላይ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ሀብተጊዮርጊስ አላገዘውም፤ እስከ መጨረሻው ፊደል ጠበቀው። ሲጨርስ ስልኩን ተቀበለና ፊቱን ወደ ውኃው መለሰ።

አንገቱ የቀላው ሬንጀር ቀጥሎ ወደ መልከጼዴቅ ዞሮ ፈቃዱን ጠየቀ። መልከጼዴቅ ደረቱን ዳበሰ፣ የኋላ ኪሱን ዳበሰ፣ ከዚያ ዘንጉን ለጓደኛው ሊያቀብል እጁን ዘረጋ። የሚቀበል አልነበረም። ሬንጀሩ የቅጣት ደብተሩን አወጣና ስም ጠየቀ።

«መልኬ» አለ መልከጼዴቅ ቀስ ብሎ።

ሀብተጊዮርጊስ ዓይኑን ከውኃው ሳያነሣ «ሙሉ ስሙ መልከጼዴቅ ነው» አለው ለሬንጀሩ። «አንድ ቃል ነው። እንዳትቆርጠው። ስትጨርስ የአባቱን እነግርሃለሁ።»