ግማሽ ሹሩባ

የለጋ ቅቤ ሽታ አፍንጫዬ ከገባ እጄ አርፎ አይቀመጥም። ዛሬ ነቀምት ባለችው ፀጉር ቤቴ ሹሩባ የምሠራላት ሙሽራ አናቷን ቅቤ ተቀብታ መጣችና፣ ሽታው አዳዳ ደጅ ወሰደኝ።

አዳዳ የምንላት የአባቴን እህት ነው። ሹሩባ ያስተማረችኝ በገዛ ፀጉሯ ነበር። እኔ አሳምሬ እሠራና ልጨርስ ስል "ተጣመመብኝ" ብዬ እፈታዋለሁ፤ እንደገና እጀምራለሁ፣ እንደገና እፈታለሁ። አንድ የገበያ ቀን ግማሹን እንደፈታሁት ብድግ አለች። ሻሽ እንኳ ሳታስር፣ አንዱ ወገን የተሠራ ሌላው የተንጨባረረ ፀጉሯን ይዛ ገበያ ወጣች። እኔ ዘንቢሉን አንጠልጥዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ከኋላዋ።

"አካም ጂርታ! ምነው ራስሽ?" አለቻት ቡና ሻጯ።

"ይቺ የወንድሜ ልጅ እየሠራችልኝ ነው፤ ገና አልጨረሰችም።"

ለሽንኩርት ሻጯም፣ ለጠየቃት ሁሉ ይህንኑ ትመልሳለች፤ ፈገግ እንኳ ሳትል።

ቤት ስንገባ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

"የምትፈቺው ተጣሞ አይደለም። ካለቀ ሰው ያየዋል ብለሽ ነው። እኔን ይኸው እንዲህ ሆኜ አገር አየኝ፤ ምን ሆንኩ?"

የዚያን ቀን ጨረስኩላት።

አሁን ሙሽራዋን ወደ አኖ ከተማ የሚወስዳት መኪና ደጅ ላይ ጡሩምባውን ይነፋል። የቀረችኝ አንዲት ጉንጉን ናት። ሦስቴ ሠርቼ ሦስቴ ፈትቻታለሁ፤ በአራተኛው ጫፏ ላይ ደርሻለሁ።

"አለቀ እንዴ?" አለችኝ ሙሽራዋ መስታወቱን እያነሳች።

"አልቋል" አልኳት። ጣቶቼ ግን ጉንጉኗን አልለቀቁም።