ጎን የሌለው ክብ

አያቴ፣ ደም የተቃቡትን ሲያስታርቁ አውድማው ላይ ዙሪያውን ያስቀምጧቸው ነበር። “ክብ ስንት ጎን አለው?” ብለው ይጠይቁና ራስዎ ይመልሱ ነበር፤ “ምንም። እዚህ ማንም ከማንም ጎን አይቆምም።”

ሰቆጣ ስማር መምህራችን “እውነተኛ ክብ በሐሳብ እንጂ በምድር ላይ የለም” አለን። ስነግርዎ ሳቁ። “መጥቶ ከእኛ ጋር ይቀመጥ” አሉ።

በዚያው በጋ፣ አንድ ዕርቅ ላይ፣ የተገደለው ሰው ወንድም ጩቤ መዞ ገዳዩ ላይ ዘለለ። እርስዎ መሃል ገቡ። ክቡ ጎን ባይኖረውም እርስዎ ግን ነበረዎት፤ ጩቤው እስከ እጀታው ጠለቀበት። ደምዎ ገለባውን እያራሰው “ተቀመጡ፣ ክቡን አታፍርሱ” ይሉ ነበር። እነሱ ግን በላይዎ ተረማምደው ተጨፋጨፉ።

ሽማግሌዎቹ ዛሬም እዚያው ዙሪያውን ይቀመጣሉ። በእርስዎ ቦታ ግን የሚቀመጥ የለም፤ ክፍት ነው። መምህራችን እውነቱን ነበር።