በኪሴ የደረቀው ጥርስ

ይህን ለባሌም ለፓስተሬም ተናግሬ አላውቅም። ስጸልይ እንኳ እዘለዋለሁ፤ እግዚአብሔር የማያውቀው ይመስል።

ባሕር ማዶ፣ ቤድፎርድ በምትባል ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ በረዳትነት እሠራለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ሰናይት የምትባል የቤተ ክርስቲያናችን እህት የሰባት ዓመት ልጇን ኬብሮንን ይዛ መጣች። ኬብሮን በአራት ዓመቷ ስኳር ይዟት በየቀኑ ኢንሱሊን የምትወጋ ልጅ ናት። ከወተት ጥርስ ውስጥ ሕያው ሴል ወጥቶ በቅዝቃዜ እንደሚቀመጥ፣ ምናልባት አንድ ቀን ለሕክምና እንደሚውል ለሰናይት የነገርኳት እኔው ነኝ። የጥርስ ሐኪሙማ «ተስፋ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም» ብሎ በግልጽ ነግሯታል። ለእሷ ተስፋውም ትልቅ ነገር ነበር። የልጅቷ ሌሎች የፊት ጥርሶች ወልቀው ስላለቁ ለዚህ የሚሆን የቀረው አንድ ብቻ ነበር።

ሐኪሙ ነቀለና ሰጠኝ። የእኔ ሥራ ሴሉ ደርቆ ሳይሞት ወዲያው ቀዝቃዛ ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ መክተትና ሰዓቱን ቅጹ ላይ መጻፍ ነበር። ስልኬ ጠራ። የእህቴ ሠርግ ደርሶ ነበርና ወሬው ስለ ሚዜዎች ቀሚስ ነው። ጥርሱን በጎዝ፣ በቀጭኑ የሕክምና ፋሻ፣ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩና እያወራሁ ወጣሁ። ለቀሚስ ቀለም! ከዚያ ሌላ ታካሚ ገባ፤ ከዚያ ምሳዬን በላሁ። እጄን ኪሴ ስከት ሦስት ሰዓት ያህል አልፎ ነበር። ጎዙ ደርቋል።

ያኔ ለሐኪሙ ብነግረው ምን ይመጣብኝ ነበር? ቁጣ። ቢበዛ ከሥራ መባረር። እኔ ግን የደረቀውን ጥርስ ፈሳሹ ውስጥ ጨመርኩት፤ ቅጹ ላይም ልክ እንደተነቀለ የገባ አስመስዬ ጻፍኩ።

ከሳምንታት በኋላ ጥርሱ ከተላከበት ላቦራቶሪ ውጤቱ መጣ። ሕያው ሴል አልተገኘም።

ሰናይት ከነልጇ ክሊኒኩ መጣች፤ ግሬፕቫይን ከተማ ያለው የምትሠራበት ሆቴል የሚያለብሳትን የጽዳት ልብስ እንኳ አላወለቀችም።

«እኔ ነኝ» አለችኝ። «ጥርሷ በጣም ሳይነቃነቅ ቶሎ አምጪያት ብላችሁኝ ነበር። ከሥራ ኦፍ አጥቼ ሁለት ሳምንት አቆየኋት። በኔ ነው ሴሉ የሞተው፣ አይደል?»

አይደለም ማለት አቃተኝ። ያውም አንዲት ቃል! «ራስሽን አትውቀሺ፣ የጌታ ፈቃድ ነው» አልኳት። የእኔን ጥፋት ጌታ ላይ ጣልኩት። ከዚያም አቅፌ ጸለይኩላት፤ አዎ፣ እኔ ጸለይኩላት።

ሰናይት ዞራ ልጇ ፊት ተንበረከከች። «ይቅር በይኝ የኔ ማር» አለቻት።

«ኢትስ ኦኬ ማሚ» አለች ኬብሮን፣ ለምን ይቅርታ እንደተጠየቀች ሳይገባት። እኔ ጓንቴን አጥልቄ ወደሚቀጥለው ታካሚ ሄድኩ።

ጥርሱ ቢተርፍም ምንም ላይፈይድ ይችል ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ላጽናና ሞክሬአለሁ። ይሁን። ሰናይትስ? እሷ ስድስት ዓመት ሙሉ የኔን ጥፋት የራሷ አድርጋ ስትሸከም ያየኋት እኔ አይደለሁም?

ባለፈው እሑድ በእናቶች ጸሎት ላይ ተነስታ ተናገረች። ኬብሮን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ መርፌዋን አሁን ራሷ ትወጋለች። «ልጆቻችሁን ሐኪም ጋ አምጡ ስትባሉ እንደኔ እንዳትዘገዩ» አለች ሰናይት፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። መነሳት እችል ነበር። አልተነሳሁም።

ስንወጣ ፓርኪንጉ ላይ ደረሰችብኝና እጄን ያዘች።

«እህት ሄለን፣ ያን ቀን ያጽናናሽኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጌታ ይባርክሽ።»

«አሜን» አልኳት።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ አሁንም ታመሰግነኛለች።