ጋሽ ኤርጫፎን ያስጨበጨብኩላቸው ዕለት

እኔ ወሬ አፍኖ ለመያዝ የተፈጠርኩ ሰው አይደለሁም። የጎረቤቴ ዶሮ እንቁላል ብትጥል ከዶሮዋ ቀድሜ የማውጀው እኔ ነኝ። ይህን አንዱን ጉዳይ ግን አስር ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤው ዞሬያለሁ። ለሚስቴ አልተነፈስኩም፤ ለንስሐ አባቴ ስንት ኃጢአት ስዘረዝር ይቺን ዘልያታለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልናገር ነው። አትፍረዱብኝ አልልም። ፍረዱ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ያኔ ቀራንዮ አካባቢ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምር ነበር። የሳይንስ ክበቡን ዘጠኝ ዓመት መርቻለሁ። መርቻለሁ ስል፣ ዘጠኝ ዓመት አንድም ዋንጫ ሳናይ በክብር ኖረናል ማለቴ ነው። መድረክ ላይ ግን ንጉሥ ነበርኩ። በዓል በመጣ ቁጥር ማይኩ የሚሰጠው ለእኔ ነው። እኔ ስቀልድ የግቢው ዛፍ ቅጠሉን ያራግፋል ይባል ነበር። ማን ነው ያለው ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ።

ከዚያ ትዕግስት የምትባል ወጣት የፊዚክስ መምህርት ተመደበችና የፈጠራ ክበብ አቋቋመች። የትምህርት ቤቱ ሳምንት ደረሰ። ሰኞ ጥያቄና መልስ ተደረገ፤ ያሸነፉት የእሷ ልጆች። ማክሰኞ ክርክር ተደረገ፤ ያሸነፈችው የእሷ ልጅ። ረቡዕ መምህራን መረብ ኳስ ተጫወትን፤ የትዕግስት ሰርቭ እኔን ፈልጎ እየመጣ አፍንጫዬን ሊነቅለው ምንም አልቀረውም። ጠዋት ጠዋት በሰልፍ ላይ ስሟ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ፣ ልጆቹ ሲያጨበጭቡ፣ እኔም አጨበጭብ ነበር። በእጄ ነው እንጂ በሌላው አካሌ አላጨበጨብኩም። ቀናሁ። ምሳዬ ገለባ ገለባ እስኪለኝ ቀናሁ። ምን አደረገችኝ? ምንም። ጠዋት ጠዋት «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ከማለት በቀር ምን በደለችኝ?

ሐሙስ የፈጠራ ሥራዎች ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ከቀረቡት አንዱ ብቻ ተመርጦ ወደ ክፍለ ከተማ ውድድር ይሄዳል፤ አሸናፊው የሚታወቀው ዓርብ፣ በወላጆች በዓል ነው። የትዕግስት ክበብ ያቀረበው የሊዲያን ሥራ ነበር። ይቺ የአስረኛ ክፍል ልጅ ከአሮጌ ብስክሌትና ከቁርጥራጭ ብረት፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ውሃ ከበርሜል ስቦ ጣሪያው ላይ ወዳለው ሮቶ የሚገፋ ነገር ሠርታለች። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ግቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

የእኔ ክበብ ያቀረበው ደግሞ ከስፖንጅ የተሠራ፣ ቀይ አምፖል ብልጭ ድርግም የሚልበት የሰው ልብ ነበር። ልደብቃችሁ? ልቡን የሠራው ዓለም ባንክ ሰፈር ኮርኒስ የሚሠራ የጂብሰም ባለሙያ ነው። ያሠራሁትም እኔ ነኝ። የተማሪዎቼ ድርሻ ስማቸውን ከሥሩ መጻፍ ነበር። ባለሙያ ቀጥሮ አሠርቶ «የተማሪ ፈጠራ» ማለት በየዓመቱ ያማረረን በሽታ ስለነበር፣ ዳኞቹ ዘንድሮ ተማሪው በእጁ ያልሠራው ሥራ ይጣላል ብለው አስጠንቅቀው ነበር።

ሊዲያ በእጇ እንደሠራችው ደግሞ ከእኔ በላይ ምስክር አልነበረም። ከወር በፊት የቤቴን በር ማጠፊያ ላስበይድ የአባቷ የጋሽ ኤርጫፎ ብየዳ ቤት ሄጄ ነበር። ጋሽ ኤርጫፎ ቀኝ እጃቸው ተሰብሮ በጀሶ ታስሮ፣ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። የብስክሌቱን ፍሬም የምትበይደው ሊዲያ ናት። ጥቁሩን መነጽር ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ ሰላም አለችኝ። አባትየው እየሳቁ፣ «መምህር፣ እኔ ዘንድሮ ተመልካች ነኝ፤ አለቃዋ እሷ ናት» አሉኝ። በዓይኔ አይቻለሁ።

ዓርብ ደረሰ። ጋሽ ኤርጫፎ እጃቸው ድኖ፣ ኮት ለብሰው፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሊዲያ ፔዳሉን ረገጠች፤ ውሃው እየተንዶቀዶቀ ሮቶው ውስጥ ገባ፤ እናቶች እልል አሉ። ትዕግስት እንባዋን በእጇ ጀርባ ስትጠርግ አየኋት። እኔም ማይኩን አነሳሁ።

«ወገኖቼ፣ ይህን የመሰለ ብየዳ የአስረኛ ክፍል ልጅ እጅ ይችለዋል?» አልኩ። «ዋናው ባለሙያ እኮ እዚሁ መሃላችን ተቀምጠዋል! ጋሽ ኤርጫፎ፣ እስቲ ይነሱልን! አጨብጭቡላቸው!»

ሰውዬው ምን ያድርጉ? በወላጆች በዓል ስሙ ከመድረክ የተጠራ ወላጅ ይነሳል፤ አለመነሳት ንቀት ነው። በዚያ ላይ በሕይወታቸው ሙሉ ከመድረክ ተጠርተው አያውቁም። ተነሱ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ ቀኝም ወደ ግራም እጅ ነሱ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ፣ «ዋንጫው ለፋዘር ይሰጥ!» ብሎ ጮኸ። ዳኞቹ ራስ ለራስ ገጠሙ።

የዳኞቹ ሰብሳቢ ወደ እኔ መጥተው፣ «የምርህን ነው? አባትየው ናቸው የሠሩት?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ። እስከዚህ ድረስ ቀልድ ነበር ብዬ ማምለጥ እችል ነበር። «ኧረ ስቀልድ ነው» ብል ያልቅ ነበር። እኔ ግን፣ «እኔ ምን አውቃለሁ? ሲነሱ አይተዋል አይደል?» አልኩ።

የእኔ የስፖንጅ ልብ አሸነፈ። ትዕግስት ዳኞቹን ብትሞግት፣ ብትለምን፣ «አባትየው ራሳቸው ተነሱ» አሏት።

ወንበር ሲሰበሰብ ሊዲያ መጣች። አልጮኸችም። «ቲቸር፣ እርስዎ እኮ ስበይድ አይተውኛል» አለችኝ።

«ሊዱዬ፣ ቀልድ እኮ ነው» አልኳት።

ብስክሌቷን መግፋት ጀመረችና፣ «በዚህ እንደወደቅኩ ለአባቴ ግን እንዳይነግሩት። በጣም ደስ ብሎታል» አለችኝ።

ናቹራል ትገባለች ተብሎ የተማለላት ልጅ፣ አስራ አንደኛ ክፍል ስትገባ ሶሻል መረጠች። ብየዳውንም ተወችው አሉ።

ጋሽ ኤርጫፎ እስከ ዛሬ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሲያገኙኝ በሁለት እጃቸው ይጨብጡኛል። «መምህር፣ ያን ቀን በሰው ፊት አከበሩኝ፤ እግዚአብሔር ያክብርዎት» ይሉኛል። እኔም አሜን እላለሁ። አሜን! ይህን አፍ መሬት ተከፍታ አለመዋጧ ይገርመኛል። ልንገራቸው? ብነግራቸው የሚቀለው ለእኔ ነው፤ እሳቸው ያቺን አንዲት ጭብጨባ ያጣሉ፤ ልጅቷም የለመነችኝ አንድ ነገር ይፈርሳል። ስለዚህ እዚህ የሁሉንም ስምና የሚታወቁበትን ነገር ለውጬ ጽፌያለሁ።

አንቺ ግን ራስሽን ታውቂያለሽ። ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። ቀልድ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ስትበይጂ አይቼሻለሁ፤ አይቼሽም ነው ያደረግኩት።