ያላላኋት ፊደል

ለልጆች ግጥምና ተረት ዜማ እያወጣሁ መድረክ ላይ ማቅረብ ከጀመርኩ ወዲህ ብዙ ተሳስቻለሁ። ይሄኛው ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ኪቦርዴን ባጃጅ ላይ ጭኜ ከገላን ኮንዶሚኒየም አቃቂ፣ አንዲት ትንሽ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ልጆችን መዝሙር ላለማምድ እሄዳለሁ። ከአያቷ ጋር የምትኖር የዘጠኝ ዓመት ልጅ በደብተር ቅጠል ላይ አራት መስመር ጽፋ ሰጠችኝ፦

ዝናቡ ያባራል፣ እናቴ አለች።
ጭቃው ይደርቃል፣ እናቴ አለች።
መንገዱ ይከፈታል፣ እናቴ አለች።
በሩ ይንኳኳል፣ እናቴ አለች።

እናቷ የነገረቻትን ነው የጻፈችው ብዬ ደመደምኩ። እሷን መጠየቅ ምን ነበረበት? እኔ ግን ዐዋቂ ነኝ፣ ባለሙያ ነኝ፤ ፈጠን ያለ ምት ሰጠሁት። ልምምድ ላይ ልጅቷ «ለ»ን ጫን ብላ ትይዛታለች፤ ምቱ ይበላሽብኛል።

“አትጫኛት! ላላ አድርጊያት” እላታለሁ።

ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ጨቀጨቅኳት። ዓይኗን ተክላብኝ መልሳ ትጫናታለች። በመጨረሻ እንዳልኳት አደረገች፤ እኔም ጎበዝ ብዬ አጨበጨብኩላት።

ልጆቹ ለቤተሰቦቻቸው በሚዘምሩበት ቀን አያቷ ኮታቸውን ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ባቡር ላይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። መዝሙሩ ሲያልቅ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ እሳቸው ግን ተነሥተው ወደ ኪቦርዱ መጡና ሁለት እጄን ያዙኝ።

“መቼ ነው የደወለችው?”

“ማን፣ አባባ?”

“ልጄ ናታ! የዚህች እናት። ዐረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ ከጠፋ ሁለት ዓመት አለፈን። በሩ ይንኳኳል ካለች ልትመጣ ነው። ቀኑን አልነገረቻችሁም?”

ክው አልኩ። ፊደሏ ጠብቃ ነበር የምትነበበው። ልጅቷ እናቴ እንዲህ ብላለች አላለችም፤ እናቴ በሕይወት አለች ነው ያለችው። አራት ጊዜ ጽፋዋለች። እኔ ደንቆሮው ለምት ብዬ ከአፏ ቀማኋት።

“አባባ፣ አልደወለችም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዜማው ነው ያሳሳተዎ” አልኳቸው። የምገባበት ጠፋኝ።

እጄን ለቀው ወደ ልጅቷ ዞሩ።

“ታዲያ ምንድን ነው ያለችሽ?”

“ምንም አላለችኝም አያያ። እናቴ አለች፣ አልሞተችም ነው ያልኩት።”

ሽማግሌው ዝግ ባለ ድምፅ፣ “ማን ነገረሽ?” አሏት።

ልጅቷ መልስ ፍለጋ ወደ እኔ ዞረች። እኔ የኪቦርዱን ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ።