በጣሪያችን ላይ የነበረችው አዲስ አበባ

ባለፈው ሳምንት እናቴ የልብስ መስፊያ ሣጥኗን ስታጸዳ አንድ ቁራጭ ነጭ ጠመኔ አገኘችና ልትጥለው ስትል ከእጇ ቀማኋት። ልብስ ሰፊዎች ጨርቅ የሚያሰምሩበት ጠፍጣፋ ጠመኔ ነው። የዚህኛውን ጠርዝ የበላው ግን ጨርቅ ሳይሆን ሲሚንቶ ነው። በኮሮናው ጊዜ እኔና ሁለት ጓደኞቼ አዲስ አበባን ከሠራንባቸው ጠመኔዎች የተረፈው እሱ ብቻ ነው።

ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው አረብ አገር፣ ዓጅማን ከተማ፣ አል ጁርፍ ሰፈር፣ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ በሚገኝ ባለአምስት ፎቅ ሕንጻ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ትምህርቱ ስልክ ውስጥ ገብቷል፤ ደረጃው ከጠዋት እስከ ማታ ዴቶል ዴቶል ይሸታል። እኔ፣ ቤዛና ናሆም የተወለድነው እዚያው ነው። ኢትዮጵያን የምናያት በቪዲዮ ጥሪ ብቻ ነበር፤ ያችም ኢትዮጵያ አብዛኛውን ጊዜ የአክስት አገጭና ኮርኒስ ነበረች። እናቴ በዚህ አትከፋም፤ «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ብላ ታልፈዋለች። እኔን ይህ ተረት ያበሳጨኝ ነበር።

የቤዛ እናት አል ጋርሁድ በሚባል ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ ነበር የምትሠራው። ሆቴሉ ሲዘጋ እሷ እዚሁ ሥራ ልትፈልግ፣ ቤዛ ደግሞ ከእናቷ ጓደኛ ጋር በተመላሾች በረራ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ፣ አጎቷ ቤት እንድትሄድ ተወሰነ። አጎትየው በስልክ ገና ከአሁኑ ሕግ አወጡ፤ ከተማውን ስለማታውቅ ብቻዋን ከበር አትወጣም፣ አራት ኪሎ ትምህርት ቤት የሚያደርሳትም የሚመልሳትም የእሳቸው ልጅ ነው። ልጁ ከኋላቸው «አረቧ ልትመጣ ነው» እያለ ሲስቅ ይሰማል። ቤዛ ሁለት ወር ሙሉ ከአንድ ክፍል ሳትወጣ የከረመች ልጅ ናት። ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ «ከአንድ ክፍል ወጥቼ ሌላ ክፍል ልገባ ነው» አለችን።

እኔ ደግሞ አትችይም ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ያን ዕለት ተማማልን፤ ቤዛ አዲስ አበባ ስትገባ ከተማዋን ከዚያ ከሚስቅባት ልጅ በላይ ታውቃለች።

ጣሪያው ላይ መውጣት ክልክል ነው። መሰብሰብም ክልክል ነው። ወጣን። በሩ አጠገብ ካለው ሮቶ ሥር አራት ኪሎን ሠራን፤ በዲሾቹ መሐል ስድስት ኪሎን ከነአንበሳው፤ ጥግ ላይ ሽሮ ሜዳን። አንበሳውን ናሆም ስለሳለው ድመት መስሎ ቀረ። መንገዱን የምትነግረን እናቴ ነበረች፤ ዳቦ ቤቱን፣ ሊስትሮዎቹ የሚደረደሩበትን፣ ታክሲ የሚጠበቅበትን። የናሆም አባት ጋሽ ደረጀ ዓጅማን መጥተው የጭነት መኪና ከመያዛቸው በፊት አዲስ አበባ ታክሲ ነጂ ነበሩ። ሥራ ቆሞ ቤት ስለዋሉ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ከበራቸው ሆነው የእናቴን ስሕተት ያርማሉ። ሁለቱ በአንድ ዳቦ ቤት ሦስት ቀን ተከራከሩ።

ትልቁን ትምህርት የሰጡን ግን ጋሽ ደረጀ ናቸው። ቤዛ ታክሲው ውስጥ ለመውረድ የሚጫኑት ቁልፍ የት እንደሆነ ስትጠይቃቸው ሳቁና፣ «ልጄ፣ እዚያ ቁልፉ አፍሽ ነው። ወራጅ አለ ካላልሽ ማንም አያወርድሽም» አሏት።

የቤዛ ድምፅ ደግሞ እንኳን ለታክሲ፣ አጠገቧ ለተቀመጠም አይሰማም። ስለዚህ ልምምድ ጀመርን። ናሆም ወያላ ሆኖ «ሽሮ ሜዳ፣ ሽሮ ሜዳ፣ አንድ ሰው!» ይላል፤ እኛ በሁለት ሜትር ርቀት ታክሲ ተሳፍረናል፤ የጋለው ሲሚንቶ በነጠላ ጫማችን ዘልቆ እግራችንን ይፈጀናል። የኤሲዎቹ ጩኸት ሞተራችን ነው። የቤዛ «ወራጅ አለ» ከኤሲዎቹ በላይ ካልተሰማ ናሆም አያቆምም፤ እሷም ጥግ ድረስ ሄዳ በእግሯ ትመለሳለች። በየቀኑ ተመለሰች።

በሳምንቱ የሕንጻው ጠባቂ ደረሰብን። «ኸላስ፣ ያላ፣ ታች!» ብሎ አባረረንና ከተማችንን በውሃ ጎማ አጠባት። በማግስቱ ሣልናት፤ አጠባት። ደግመን ሣልናት፣ ከፊተኛው አስፍተን። ከዚያ ለእናቴ ነገራት። ቅጣት ቢመጣ በምን አቅሟ? ሙሽኪላ ልታመጪብኝ ነው ብላ ተቆጣች፤ ተቆጥታም አለቀሰች። የዚያን ጊዜ አዘንኩላት፤ ግን አላቆምም አልኳት። በማግስቱ ማስክ ከምትሰፋበት ፋብሪካ ስትመለስ አንድ ፓኮ ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጇን ልትታጠብ ገባች።

ቤዛ ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ጠባቂው ጎማውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እሷ አላየችውም። ስድስት ኪሎን እንዳለፍን አንገቷን ቀና አድርጋ «ወራጅ አለ!» ስትል እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ናሆም አቆመ፤ ቤዛ ወረደች። ጠባቂው ጥቂት አይቶን ጎማውን ጠቅልሎ ወረደ።

ከሄደች ከጥቂት ወራት በኋላ የድምፅ መልእክት ላከችልን። እያለከለከች ነበር። «ዳገት እንዳለው ለምን አልነገራችሁኝም? ልቤ ልትወጣ ነበር። ግን ከአራት ኪሎ ሽሮ ሜዳ ደርሻለሁ። ብቻዬን።» እኔና ናሆም ተያየን። ኳስ ብታስቀምጥባት በማይንከባለልባት ዓጅማን ላደግን ልጆች ከተማ ማለት ጠፍጣፋ ነገር ነው። እናቴና ጋሽ ደረጀም ዳገት የማያውቅ ሰው ይኖራል ብለው አላሰቡም። ያን መልእክት ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም፤ በኩራት አለቀስኩ።

ዛሬ የጣሪያው በር በሰንሰለት ተቆልፏል። የሕንጻው ልጆች እንደ ልባቸው ይወጣሉ ይገባሉ፤ የሚከለክላቸውም የለም፤ በጉጉት የሚመኙት ከተማ ያላቸው ግን አይመስለኝም። እገዳውን አልናፍቅም። እምቢ ያልንበትን ጉልበት ግን እናፍቀዋለሁ።

አምና ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ሄድኩ። ያ ሦስት ቀን ያከራከረ ዳቦ ቤት በቦታው የለም፤ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። ቤዛ ከአራት ኪሎ ታክሲ አሳፍራኝ፣ «ወራጅ አለ»ን ለእኔ ተወችልኝ፤ አልኩ፤ ወረድን። ሽሮ ሜዳ ዳገቱ ላይ ግን ትንፋሼ አጥሮ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ነጠላ የሚሸጡ አንዲት እናት ልብሴንና ላቤን አይተው፣ «ልጄ፣ እንግዳ ናት እንዴ?» ብለው ቤዛን ጠየቋት።

ቤዛ እጄን ይዛ እያስነሳችኝ፣ ታክሲ በሚያስቆመው በዚያ ድምጿ፣ «እንግዳ አይደለችም» አለቻቸው። «ዳገቱ ነው ያደከማት።»