«ሶፍትዌር ላሳድስ»

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አባባ ከረባት አስረው፣ ጫማቸውን አሳምረው፣ የላፕቶፕ ቦርሳቸውን አንግተው ሳሎን መሃል ቆመው ጠበቁኝ።

«ያ ነገርሽ ተበላሽቷል» አሉኝ።

ነገሬ የተባለው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አባባ የእናቴ አባት ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የካርታ ሥራ ያስተምሩ ነበር። አሁን ቤት ቁጭ ብለው የተወለዱበትን የጃናሞራን የበቅሎ መንገዶች ካርታ ይሠራሉ... ማለቴ፣ ይሠራሉ ይባላል። እኔ እስከማውቀው በቅሎዋ ከመነሻዋ ከመካነ ብርሃን ከተማ ገና አልወጣችም።

የሚሠሩበት ሶፍትዌር የዩኒቨርሲቲው ነው። ለጡረተኛም አልከለከሉም፤ ቤት ወስዶ መጠቀም ይቻላል። ግን አንድ ክፉ አመል አለበት። በየወሩ ግቢ ድረስ ተወስዶ ከግቢው ኔትወርክ ጋር ካልተገናኘ ይቆለፋል። እንደ መታወቂያ ይታደሳል በሉት። አባባም ወር በመጣ ቁጥር ከሰፈራችን ከአዘዞ ታክሲ ይሳፈራሉ። ጠዋት የወጡ ሰውዬ ሲመሽ ይመለሱና «ኔትወርኩ ዘገምተኛ ነው» ይላሉ።

እኔ ደግሞ አዛኝ ነኛ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል... ከሶፋ ሲነሱ ያሉትን ቅዱሳን በሙሉ ይጠራሉ። ስለዚህ ያለፈው ወር ላይ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ለመምህራን ያዘጋጀውን ቪፒኤን ጫንኩላቸው። እሳቸው ቤት ቁጭ ብለው ኮምፒውተሩ ግቢ ያለ ይመስለዋል።

«አባባ፣ ከእንግዲህ መመላለስ ቀረልዎት። እዚሁ ይታደሳል።»

ስክሪኑን አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ እንደገና አዩት።

«ሸጋ ነው» አሉ... ለቅሶ ቤት «እግዜር ያጥናችሁ» በሚባልበት ድምፅ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን መከራ ሆነ። እናቴ ምሳ ብታዘገይ «ዘግይቶ የቀረበ ሥራ አይታረምም» አሏት። እኔ ቴሌቪዥን ሳይ «እስቲ አሁን ከዚህ ምን ተማርሽ?» ይሉኛል። ከዚያ ደግሞ ጋቢያቸውን ተከናንበው መስኮቱ ሥር ይቀመጡና የዩኒቨርሲቲው ሰርቪስ ሲያልፍ እስኪታጠፍ ድረስ በዓይናቸው ይሸኙታል።

እንግዲህ ማክሰኞ «ተበላሽቷል» ሲሉኝ ላፕቶፑን ከፈትኩት። ቪፒኤኑ አልተበላሸም... የለም። ከነሥሩ ተነቅሏል። የጠፋ ነገር የሚጠራቀምበት ቅርጫት እንኳ ሳይቀር ባዶ ተደርጓል። ፊደል ለማጉላት እኔን ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሱ ሰውዬ።

«አባባ፣ ማን አጠፋው?»

«እኔ ምን አውቄ። ማሽን አይደል... ያረጃል።»

የእኔ ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር እናቴ «አብረሻቸው ሂጂ» አለችኝ። ሄድን። በሩ ላይ አዲስ ዘበኛ ቆሟል።

«አባት፣ ምን ጉዳይ ነበረዎት?»

አባባ ቦርሳቸውን ከፍ አድርገው አሳዩት። «ሶፍትዌር ላሳድስ።»

ገባን። ላይብረሪው አጠገብ፣ ጥዱ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከፈትኩት፣ ተገናኘ፣ ታደሰ። አባባ አፍንጫቸውን አብሰው መሐረባቸውን እስኪያጥፉ እንኳ አልቆየም።

«አለቀ። እንሂድ?»

«ቁጭ በይ። ገና ነው።»

ምኑ ነው ገና ልል ስል ሌላ ሽማግሌ መጡ። አያ ውብነህ ይባላሉ፤ ኬሚስትሪ ያስተምሩ የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። እሳቸውም በከረባት፣ እሳቸውም የላፕቶፕ ቦርሳ አንግተው።

«ምነው ጠፋህ? ታመህ ነው?»

«ይቺ ናት ያሳመመችኝ» አሉ አባባ፣ በአገጫቸው እኔን እያሳዩ። «ከቤት አሳደሰችልኝ።»

አያ ውብነህ በቅሎ እንደሰረቀ ሰው አዩኝ። ከዚያ ተቀመጡና ቦርሳቸውን ከፈቱ... ቆሎ አወጡ። አጎንብሼ ወደ ውስጥ አየሁ። ሌላ ምንም የለም።

«ኮምፒውተሩስ፣ አያ ውብነህ?»

«ይከብደኛል። ቤት ተውኩት።»

ሳቄን ለመዋጥ ስታገል ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ። «አትሳቂ። ባዶ እጅሽን ከመጣሽ በሩ ላይ "ጉዳይዎ ምንድን ነው?" ይሉሻል። ናፈቀኝ አይባል ነገር...»

ላፕቶፑን ዘግቼ ቆሎዬን መቆርጠም ጀመርኩ።

ክፍል የሚወጣበት ሰዓት ደረሰና ተማሪዎች እየተንጋጉ ወጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ወሬያቸውን አቋርጠው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ከረባታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ሰላም የሚላቸው ሰው እየጠበቁ ነበር መሰለኝ። ማንም አላወቃቸውም። ሁሉም ስልኩን እያየ አለፈ። መጨረሻ ላይ ሻንጣ የምትጎትት አንዲት አዲስ ተማሪ ቆም አለች።

«አባቶቼ፣ ሬጅስትራር በየት በኩል ነው?»

አባባ ብድግ አሉ። አንድም ቅዱስ ሳይጠሩ።

«ነይ፣ ተከተይኝ» ብለው ይዘዋት ሄዱ። ያኛው ሕንጻ ከመሠራቱ በፊት ቦታው ምን እንደነበር፣ የትኛው ደረጃ በዝናብ እንደሚያንሸራትት፣ በእጃቸው እያሳዩ ሲነግሯት ከሩቅ ይታየኛል። ልጅቷ ሻንጣዋን እየጎተተች እሳቸው ላይ ለመድረስ ትሮጣለች። ብዙ ቆይተው ተመለሱ።

«ከአዲ አርቃይ ነው የመጣችው፤ የጃናሞራ ጎረቤት ናት» አሉን፣ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው።

ማታ ራት ላይ እናቴ «እንዴት ሆነ? ከቤት ማሳደስ ጭራሽ አይቻልም?» ብላ ጠየቀችኝ። አባባ ማንኪያቸውን አየር ላይ አቆሙት።

«አይቻልም» አልኳት። «ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። በየወሩ ግቢ መሄድ ግድ ነው።»

አባባ ሾርባቸውን ፉት አሉ። ከዚያ ሳህኑን እያዩ፣ ቀስ ብለው...

«እንዲያውም በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ቪፒኤኑን ፍላሼ ላይ አስቀምጬዋለሁ... ጉልበታቸው ከታክሲው ደረጃ ላይ እምቢ ያለ ቀን ያስፈልገን ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ግን እኛ ቤት ኔትወርክ የለም።